ከነቀምት እስከ ስድስት ኪሎ፦ የአንድ ተማሪ ዕድል በምን ይመዘናል?

በነቀምት ጨለለቂ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ የ12ኛ ክፍል መምህር የሆነ ሰው ከወላጆች ዘወትር የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጄ ያልፍ ይሆን?» መምህሩም የተማሪውን የክፍል ደረጃ፣ የየዓመቱን ውጤትና የሞዴል ፈተናውን ነጥብ አመዛዝኖ መልስ ይሰጣል። ይህ ግምት ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ የፈተናውን ታሪክ ስንመረምር፣ ከተማሪው ብቻ የሚነሣ ግምት የእውነቱን ግማሽ ብቻ የያዘ ሆኖ እናገኘዋለን።

ወለጋ ለፊደል እንግዳ አልነበረችም። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1896 ዓ.ም. ነቀምት ገብቶ በ1923 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ሕፃናት በአፋቸው በፈቱበት ቋንቋ እንዲያነቡ ደክሟል። ማንበብን ከከፍተኛ ትምህርት ጋር የሚያገናኘው መሰላል ግን ዘግይቶ የተተከለ፣ እርከኑም የተራራቀ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሥራውን ሲጀምር፣ ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት የሚመጣው ወጣት በቅድሚያ የተሟላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማግኘት ነበረበት።

ከዚያ በኋላ በየቤቱ የሚታወቀው ቃል «ማትሪክ» ሆነ። ስሌቱ ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ «ኤ» አራት፣ «ቢ» ሦስት፣ «ሲ» ሁለት ነጥብ ይይዛሉ፤ የአምስት ትምህርቶች አማካይ ይወሰዳል። 2.0 ያመጣ አለፈ ይባል እንጂ መግባቱ አልተረጋገጠም፤ መቁረጫው እንደ ቦታው ብዛትና እንደ ተወዳዳሪው ቁጥር ከፍና ዝቅ ይል ነበርና። በመሆኑም በአንድ ዓመት በር የከፈተ ነጥብ በሌላው ዓመት በር ሲዘጋ ታይቷል። ልጁ ያው ነው፤ የተለወጠው ዓመቱ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ቋንቋ ነው። በቤቱ ኦሮምኛ ሲናገር ያደገው የወለጋ ልጅ በቀድሞው ሥርዓት ትምህርቱን በአማርኛ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሸጋገር ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ካደረገ በኋላ የመጀመሪያው ሸክም ቀለለ። የሂሳብና የፊዚክስ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ስለሚቀርብ፣ ፈተናው ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን ቋንቋንም ይለካል።

ሦስተኛው የዘመኑ ሁኔታ ነው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎችንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወደ ገጠር በማሰማራቱ የአንድ ትውልድ ጉዞ ተቋርጧል። በ2008 ዓ.ም. የኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች በተቃውሞው ሳቢያ ለወራት ከተስተጓጎሉ በኋላ የመግቢያ ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ በመሰራጨቱ ተሰረዘ፤ ያሰራጩትም ያልተማሩት ልጆች ካልተቋረጠባቸው ጋር እኩል ሊፈተኑ አይገባም ሲሉ ተከራከሩ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከዚያም ወዲህ በቀጠለው ግጭት የተዘጋ የመማሪያ ክፍል በማንኛውም የውጤት ወረቀት ላይ አይጻፍም።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ተሰጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 በመቶ ነው። ከዚህ ይበልጥ ልናስተውለው የሚገባ ሌላ ቁጥር አለ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከእነዚህ በአንዱ አንደኛ የወጣ ልጅ «ጎበዝ ነህ፣ ታልፋለህ» ተብሎ ሊሆን ይችላል። መምህሩ አልዋሸም፤ የመዘነው ግን ልጁን ከጓደኞቹ ጋር እንጂ ትምህርት ቤቱን ከአገሪቱ ጋር አልነበረም።

ይህ ሲባል የተማሪው ትጋት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በሩም እንደ ተዘጋ አልቀረም፤ በ1999 ዓ.ም. ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምት ላይ መከፈቱ ተጨማሪ የተስፋ በር ሆኗል። ለሴት ተማሪዎች ዝቅ ያለ መቁረጫ ነጥብ ይወሰን የነበረውም ሁሉም ከአንድ መነሻ እንደማይሮጡ በመረዳት ነበር።

እንግዲህ ለወላጅ የሚሰጠው ቅን መልስ ሁለት ክፍል ሊኖረው ይገባል። አንደኛው ልጁ ምን እንደሚችል፣ ሁለተኛው የተማረበት ቤት፣ ቋንቋና ዘመን ምን እንደ ሰጡትና ምን እንደ ነፈጉት ነው። ሁለተኛውን ክፍል የሰማ ወጣት ቢወድቅ እንኳ ራሱን ደንቆሮ ብሎ አይፈርድም፤ የሰማ አስተዳዳሪም ጥፋቱን በሕፃን ትከሻ ላይ ጭኖ ሊያልፍ አይችልም።