የቦብ ማርሌይ ጣትና የሞጆ ኮንቴይነር

ባለፈው ሳምንት ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ አንድ የድሮ ተማሪዬ አገኘኝ። ኮንቴይነር የሚያነሳ ማሽን ላይ ነው የሚሠራው። ሻይ ይዘን ወደ ሻሸመኔ ስለሚወስደው መንገድ ስናወራ የቦብ ማርሌይ ነገር ተነሳ። "ቲቸር፣ ከእግር ጣት የጀመረ ካንሰር እንዴት ጭንቅላት ይደርሳል?" አለኝ። መልሴን እዚህ ልጨርስለት።

ቦብ እ.ኤ.አ. በ1978 ሻሸመኔ ሲመጣ በሽታው አብሮት ነበር። በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት፤ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ካንሰር ማለት ነው። ጣቱ ይቆረጥ ሲባል እምቢ አለ። (ብዙ ሰው "ኳስ ሲጫወት ተመቶ ነው" ይላል። ምቱ ካንሰሩን አመጣው ብሎ መደምደም ግን አይቻልም።) በኋላ ሳንባው፣ ጉበቱና አንጎሉ ውስጥ ተገኘ። ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ አረፈ።

ለምን እነዚያ ቦታዎች? ጥያቄው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 እስጢፋን ፔጄት የተባለ የለንደን ቀዶ ሐኪም በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ አገላብጦ ካንሰር በዘፈቀደ እንደማያርፍ ጻፈ፤ ዘር የሚበቅለው የሚስማማው አፈር ላይ ነው አለ። ሌሎች ደግሞ "የለም፣ ደም የወሰደው ቦታ ነው የሚያርፈው" ብለው ተከራከሩት። በእርግጥ የደም ፍሰቱም ድርሻ አለው።

ሌላው የመልሱ ክፍል የመጣው በ2001 ነው። ተመራማሪዎች የጡት ካንሰርና የሜላኖማ ሴሎች ላይ ሲኤክስሲአር 4 እና ሲሲአር 7 የሚባሉ ተቀባዮችን በብዛት አገኙ። ተቀባይ በሴሉ ገጽ ላይ የተተከለ፣ ከውጭ የሚመጣ መልእክት የሚይዝ ፕሮቲን ነው። በጤናው ጊዜ ነጭ የደም ሴሎች ወደሚፈለጉበት ቦታ የሚጠሩት በዚህ ነው። ሳንባ፣ ጉበት፣ ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው የሊምፍ ዕጢም የጥሪውን ኬሚካል ያመነጫሉ። ቆዳን የሚያዳምጠው ሲሲአር 10 ደግሞ ሜላኖማው ላይ በርክቶ ታየ፤ ሜላኖማ ቆዳ ወደ ቆዳ መዛመትም ይወዳል። በዚያው ዓመት የአይጥ ሜላኖማ ሴሎች ሲሲአር 7 ሲጨመርላቸው ወደ ሊምፍ ዕጢ መሄዳቸው እጅግ ናረ።

ለተማሪዬ "እንደ ኮንቴይነር አድራሻ በለው" አልኩት። ምሳሌዬ ግን ይጎድላል፤ ኮንቴይነር በራሱ አይሄድም። ሴሉ ጥሪውን ሲይዝ የውስጥ አጽሙን አፍርሶ ይሠራል፣ ከፊቱ እግር መሳይ ነገር ይዘረጋል፣ ጥሪው ወደሚበረታበት ይሳባል።

ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ ከሁሉ በላይ የሚወጣው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር መሆኑን ስነግረው ዝም አለ። ለካ የእናቱ ተረከዝ ላይ ለወራት እየሰፋ የመጣ ጥቁር ነገር አለ፤ ቤት ውስጥ "እሾህ ወግቷት ነው" ሲባል ቆይቷል። ሰኞ ፈቃድ ወስዶ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሊያደርሳቸው ነው።