«አወቀው!»

ሁሩሙ ከመቱ ወደ በደሌ ሲኬድ መንገድ ላይ ናት። እዚያ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስሠራ የነበረን ኮምፒውተር ከሦስት የሞቱ ማሽኖች ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ነበር። ዕቃ ሲበላሽ ባለቤቱ፣ ጋሼ፣ መቱ ወርደው ያገለገለ ይዘው ይመጣሉ። ከፍተን እንሰካለን፣ እናስነሳለን፣ ከዚያ ዐይናችን ከስክሪኑ ታች ቀኝ ጥግ አይነቀልም። አዲስ ዕቃ መገኘቱን የምትናገረዋ ጽሑፍ ብቅ ስትል ጋሼ «አወቀው!» ይላሉ።

ይህ ማወቅ ድሮ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው አይቢኤም ፒሲ የተሰካለት ካርድ ማን እንደሆነ የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም። ዕቃዎች ፕሮሰሰሩን የሚጠሩባቸው መስመሮች ስምንት ብቻ ነበሩ፤ በ1984 የመጣው ኤቲ ቁጥሩን ቢያሳድግም አብዛኞቹ ቀድመው ተይዘዋል። ሁለት ካርድ አንድ መስመር ላይ ከዋለ ይጣላሉ። አስታራቂው ሰው ነው፦ ጃምፐር የምትባለውን የስንዴ ፍሬ የምታህል ፕላስቲክ በወረንጦ ነቅሎ ሌሎች ፒኖች ላይ ማልበስ። የካርዱ መመሪያ ከጠፋስ? ግምት ነዋ።

በ1992 ኢንቴል ያወጣው ፒሲአይ ነገሩን ገለበጠው። ካርዱ የአምራቹንና የራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ማሽኑ ሲነሳ እያንዳንዱን ስሎት «ማን አለ?» ይላል፣ መልስ ካጣ ባዶ ነው ብሎ ያልፋል። (ኢንቴል ለራሱ የያዘው ቁጥር 8086 ነው፤ የዝነኛው ፕሮሰሰሩ መጠሪያ። ትንሽ ጉራ አለባት።) ዊንዶውስ 95 ይህንኑ «ሰክተህ ሥራ» ብሎ ለሕዝብ አቀረበው፤ ቀልደኞች «ሰክተህ ጸልይ» አሉት። አልተሳሳቱም። በ1998 ቢል ጌትስ መድረክ ላይ ቆመው ዊንዶውስ 98ን ሲያሳዩ፣ ባልደረባቸው ስካነር እንደሰካ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

እኛን የነካን የ2001ዱ ኤክስፒ ነው። ፕሮሰሰሩን፣ ሃርድ ዲስኩን፣ የስክሪን ካርዱን፣ ሌሎቹንም መዝግቦ ይይዛል፤ ብዙዎቹ ከተቀየሩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተጭኛለሁ ብሎ ይጠረጥርና በሦስት ቀን ውስጥ በኢንተርኔት ወይም በስልክ እንደገና አስመዝግቡኝ ይላል። የታሰበው ያለፈቃድ የሚገለብጡትን ለመያዝ ነው። ግን ለድርጅቶች የተሰጠውን ቅጂ የጫኑ ጎረቤቶቻችን አንድም ቀን አልተጠየቁም፤ ያ ቅጂ ምዝገባ አያውቅም። የተጠየቁት ከፍለው የገዙት ጋሼ ናቸው! ማሽኑን ያወጡት ሰዎች ኮምፒውተር ሲያረጅ አዲስ ይገዛል ብለው ያሰቡ ይመስለኛል። የእኛዋ ግን በየጊዜው ማንነቷ ይቀየር ነበር።

ማዘርቦርዱን በቀየርን በአራተኛው ቀን በሩ ተዘጋብን፤ አላስገባ አለ። ውስጡ የአንዲት ልጅ የሥራ ማመልከቻ ነበር፣ መዝጊያው በማግስቱ። ኢንተርኔት የለም፤ ስልኩም አልሠራ አለ። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

ጋሼ ሃርድ ዲስኩን ፈቱና ጎረቤት ሱቅ ይዘነው ሄድን። ሁለተኛ ዲስክ ሆኖ እንዲሠራ ከጀርባው ያለችውን ጃምፐር በቅንድብ ወረንጦ ነቅለን አዛወርናት። ሰክተን አስነሳን። ጥጉ ላይ ጽሑፏ ብቅ አለች። ማመልከቻው ሁለት ገጽ ነበር፤ እዚያው አተምንላት።