ንዑስ ምስል (ኦርግ ሞድ)

ንዑስ ምስል በአንድ ምስል ሥር ከሌሎች ጋር ጎን ለጎን የሚቀመጥ፣ የራሱ ፊደልና መግለጫ ያለው ምስል ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. በካርስተን ዶሚኒክ የተጀመረው ኦርግ ሞድ በኢማክስ ውስጥ ተራ ጽሑፍ ማዘጋጃ ነው። በሰነዱ የሰፈረ የፓይተን ወይም የአር ኮድ ግራፉን ሠርቶ በፋይል ያስቀምጣል፤ መረጃው ሲታረም ኮዱን ዳግም ማስኬድ ይበቃል፤ አሮጌ ግራፍ በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ተረስቶ አይቀርም።

ሆኖም ኦርግ ሞድ መግለጫ ያለውን እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ስለሚቆጥር፣ የተለመደው ዘዴ «ሰብካፕሽን» የተባለውን የላቴክ ጥቅል ጠርቶ ንዑስ ምስሎቹን በቀጥታ በላቴክ ትእዛዝ መጻፍ ነው። በመካከላቸው ባዶ መስመር ከገባ ላቴክ አዲስ አንቀጽ ይጀምርና ሁለተኛው ምስል ከጎን ሳይሆን ከሥር ይወርዳል። ጀማሪ ግን ጥፋቱ የስፋቱ እየመሰለው ምስሉን ደጋግሞ ያሳንሳል።