ከሰም እስከ ሲሊኮን ጎማ፦ የሞልድ ታሪክ

ስለ ቅርጻ ቅርጽ ሲነሣ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው መዶሻና መሮ የጨበጠው ጠቢብ ነው። የመጀመሪያውን ቅርጽ ተቀብሎ ለቅጂው የሚያስተላልፈውን ሞልድ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ይሁንና በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ለማየት የሚሄድ ተማሪ ከመስተዋቱ ጀርባ የሚያገኘው ቅጂ ነው፤ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘው ዋናው ዐፅም ተቆልፎ ይጠበቃል። እንዲህ ያለ ቅጂ ለዋናው የሚታመነው ሞልዱ በታመነለት መጠን ብቻ ነው። ለዋናው ደኅንነትም ተጠያቂው ይኸው ሞልድ ነው።

ጥንታዊው ዘዴ ምሕረት አልነበረውም። አንጥረኛው በሰም የሠራውን ቅርጽ በጭቃ ሸፍኖ ወደ እሳት ሲያቀርበው ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፤ በባዶው ስፍራ ወርቁ ይገባል፤ በመጨረሻም ጭቃው ይሰበራል። እኛ ባለቅኔዎች «ሰምና ወርቅ» የምንለውን ስም የተዋስነው ከዚሁ አንጥረኛ ቢሆንም ብድሩን እምብዛም አናነሣም። ሰሙም ሞልዱም አንድ ጊዜ ብቻ አገልግለው ያልፋሉ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሙዚየሞች አዳራሾቻቸውን በጀሶ ቅጂ ሲሞሉ ችግሩ መልኩን ለወጠ። ጀሶ ግትር ስለሆነ ከጆሮ ጀርባ ወይም ከጣቶች መካከል ከገባ በኋላ ሳይሰብር አይወጣም። በመሆኑም ሞልዱ በብዙ ክፍልፋይ ይሠራ ነበር፤ የየመጋጠሚያው መስመርም በቅጂው ላይ ይቀራል። ከቆዳና ከአጥንት ተፈልቶ የሚገኘው ጄላቲን ተጣጣፊነትን አመጣ፤ ነገር ግን ሙቀት ያቀልጠዋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ከጥቂት ቅጂ በኋላም ዝርዝሩ ይደበዝዛል። ከዚህ የከፋው ግን ተደጋጋሚ ሞልድ ማውጣት በጥንታዊ ሐውልቶች ላይ የተረፈውን የቀለም ርዝራዥ ከድንጋዩ ልጦ መውሰዱ ነው። ቅጂው በዛ፤ ዋናው ተራቆተ።

ሲሊኮን የመጣው ፈጽሞ ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ኪፒንግ በኖቲንግሃም ሆኖ ሲሊከንን ከካርቦን ጋር ያጣመሩ ውሑዶችን ለረጅም ዓመታት ሲመረምር ኖሮ፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሰማው ንግግር ስለ ወደፊቱ እድገታቸው ብዙ ተስፋ እንደሌለው ገለጸ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ዓ.ም.፣ አሜሪካዊው ዩጂን ሮቾ ሲሊከንን ከሜቲል ክሎራይድ ጋር በቀጥታ የሚያዋህድበትን ዘዴ አግኝቶ የጅምላ ምርት በር ከፈተ። ከጦርነቱ በኋላ ያለ እሳት፣ በክፍል ሙቀት የሚረጋው ፈሳሽ ጎማ ወደ ቀራጺው እጅ ደረሰ። የጣት አሻራ መስመር ሳይቀር ይቀዳል፤ ተለጥጦ ከጆሮ ጀርባ ይወጣል፤ ሬዚንም አይጣበቀውም።

ለመሆኑ የትኛው ሲሊኮን? በቆርቆሮ ውሑድ የሚረጋው ርካሽና ታጋሽ ነው፤ ሲረጋ ግን አልኮል እየተነነ ስለሚወጣ ከጊዜ ብዛት ይኮማተራል። በፕላቲነም የሚረጋው መጠኑን ለዓመታት ይጠብቃል፤ ጠባዩ ግን እንደ ባላባት ልጅ ነው። ድኝ ከነካው አይረጋም፤ የቆርቆሮው ጎማ ቅሪትም ያበላሸዋል።

ይህን የተማርነው በኪሳራ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ተውኔታችን ሰባት ተመሳሳይ ጭንብሎች አስፈለጉት። ቀራጺው አንዱን በዘይት ጭቃ አሳምሮ ቀረጸና የፕላቲነሙን ጎማ አፈሰሰበት። ጭቃው ድኝ እንዳለበት ማናችንም አላሰብንም። ጎማው በሦስተኛውም ቀን ከጭቃው ጋር በተገናኘበት ገጽ እንደ ማር ይጣበቅ ነበር። ተፍቆ ሲነሣ ጭንብሉም አብሮ ጠፋ፤ ተዋንያኑ ፊታቸውን በጥላሸት ኳኩለው ወጡ። በጭቃው ቁራሽ ላይ አስቀድሞ አንድ ጠብታ መሞከር ይበቃ ነበር።

ጭንብል እንደገና ይቀረጻል። ቅርስ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ሲሊኮን ውስጡ ያለው ዘይት ቀዳዳ በበዛበት ድንጋይና አጥንት ውስጥ ሰርጎ የማይለቅ እድፍ ሊተው ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ባለሙያ በፊቱን ሊወገድ በሚችል ልባስ ሳይሸፍን አያፈስስም። ዐፅምን የሚለካ ተመራማሪም የሚሊ ሜትር ክፋይ ስለሚያሳስበው፣ በተኮማተረ የቆርቆሮ ሞልድ የወጣ ቅጂ ሐሰተኛ ቁጥር ይሰጠዋል። በየመጋዘኑ ከተደረደሩት ሞልዶች ጀርባ ላይ የጎማው ዓይነትና የተፈሰሰበት ቀን ሊጻፍ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።