የቤት ፋይል ሰርቨርና የዲስክ ቅያሬ ታሪክ

ፋይል ሰርቨር በአንድ ኔትወርክ የተያያዙ ኮምፒውተሮች ሰነዶቻቸውን በጋራ የሚያስቀምጡበት ኮምፒውተር ሲሆን፣ ወደ መኖሪያ ቤት ከመግባቱ በፊት ለረጅም ጊዜ የድርጅቶች ንብረት ብቻ ሆኖ ቆይቷል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያስተዋወቀው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ በተደራረቡ 50 ሳህኖቹ ላይ 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላትና ቁጥሮች ብቻ ይይዝ ነበር፤ ዛሬ ሲጌት የሚባለው ኩባንያ በ1980 ተመሳሳይ አቅም ያለውን ዲስክ በግል ኮምፒውተር ውስጥ እንዲገጠም አድርጎ በማቅረቡ ማከማቻው ወደ ግለሰቦች እጅ መድረስ ጀመረ።

አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው፣ በኋላም ሳምባ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር የዩኒክስ ቤተሰብ የሆኑ ኮምፒውተሮች ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ፋይል እንዲያካፍሉ ስላስቻለ፣ ከአገልግሎት የወጣ ኮምፒውተር ከዚሁ ቤተሰብ የሚመደበው ሊኑክስ ተጭኖበት የቤት ሰርቨር ለመሆን በቃ።

ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር አካል ስላለው ማርጀቱ አይቀርም፤ በመሆኑም ይዘቱን ወደ አዲስ ዲስክ ማዛወር የሰርቨር አያያዝ ቋሚ ክፍል ሆነ። ትሪጅልና ፖል ማኬራስ በ1996 ያወጡት አርሲንክ የተባለው ፕሮግራም ፋይሎችን ከነፈቃዳቸው፣ ማለትም ማን ሊያነብና ሊጽፍ እንደሚችል ከሚወስነው ምልክት ጋር፣ መገልበጥ ከመቻሉም በላይ ሥራው ቢቋረጥ እንኳ ዳግም ሲጀመር በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ያሻግራል። ይሁን እንጂ ግልባጩ ብቻውን ሰርቨሩን አያስነሳም፤ የትኛው የዲስክ ክፍል የት እንደሚያያዝ የሚዘረዝረው ኤፍኤስታብ የተባለ ፋይል የአሮጌውን ዲስክ መለያ እንደያዘ ከቀረ ሲስተሙ የሌለ ዲስክ ሲፈልግ ስለሚቆም፣ መለያውን መለወጥና የማስነሻ ፕሮግራሙን በአዲሱ ዲስክ ላይ መጫን ግድ ይላል።