ከጠገራ ብር እስከ ራጅ ፊልም፦ በሳሪስ ቤቶች የተቀመጠ ማዕድን



የገንዘባችን ስም የማዕድን ስም ነው። የማሪያ ቴሬዛው ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራሙ ንጹሕ ብር ነበር። አንጥረኞቻችንም ጠገራውን እያቀለጡ መስቀልና ጌጥ ሠርተውበታል። ዛሬ የማወሳው ብር ግን በሳሪስ በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ፣ በትልቅ ፖስታ ውስጥ የተቀመጠውን ነው።

«ራጅ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ጨረር ነው። ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ጨረሩን ካገኘ ወዲህ፣ ምስሉ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የታተመው በብር ጨው ላይ ነው። ጨረር ያረፈበት ጨው ወደ ብርነት ተለውጦ ይጠቁራል፤ ያላረፈበት ሟሙቶ ከማጠቢያው ፍሳሽ ጋር ይወጣል። በፊልሙ ላይ የሚታየን ጥቁረት እንግዲህ ብር ነው። ከአንድ ኪሎ ያገለገለ ፊልም፣ እንደየዓይነቱ፣ ከ5 እስከ 15 ግራም ብር እንደሚገኝ ይገመታል። ስለዚህ በአንድ ጠገራ ውስጥ የነበረውን ብር ከ2 እስከ 5 ኪሎ የሚሆን ፊልም ይሰጠናል።

የአሮጌ ፊልም አደጋ ለዓለም ጎልቶ የታየው በእሳት ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1929 በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ክሊኒክ ምድር ቤት የተከማቸ የናይትሬት ፊልም ተቀጣጥሎ ከ120 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹን የፈጃቸው መርዛማው ጢስ ነበር። በኋላ የመጣው የፖሊስተር ፊልም እንደዚያ አይቀጣጠልም።

በእነርሱ ዘንድ ፊልሙ በሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ይቀመጥ ስለነበር፣ ሰብሳቢው ከአንድ ግምጃ ቤት ይረከበው ነበር። በእኛ አገር ግን ፊልሙ ብዙ ጊዜ ለታካሚው ይሰጣል። በእኔ አስተያየት የችግሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 513/1999 የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ እንዲለይ ያዝ ነበር። በር አንኳኩቶ የሚረከበው ግን «ቆርቆሮ ያለው!» እያለ የሚዞረው ቆራሌው ነው። ስለ ብሩ የሰማ ሰው ፊልሙን በግቢው ያቃጥለዋል፤ አመዱ ብሩን ይይዛል፣ ጢሱን ጎረቤት ይተነፍሰዋል።

ደኅናው መንገድ ሌላ ነው። ሐኪም ለማነጻጸር የማይፈልገው መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ፊልሙ በተዘጋጀ አውደ ጥናት በሙቅ ኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፤ ብሩን የያዘው ንጣፍ ተገፍፎ ይዘቅጣል፣ ዝቃጩም ይቀልጣል። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል የቤት ውስጥ ሥራ አይደለም። ፍሳሹም ሳይጣራ አትክልት ወደሚለማበት ወደ አቃቂ ወንዝ መግባት የለበትም። ከእጥበቱ በኋላ የሚቀረው ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው። በብሩ የተጻፈው የታካሚው ስም፣ ዕድሜና የምርመራው ቀንም ከንጣፉ ጋር አብሮ ይታጠባል።