ስሕተት እንደምን ሕግ ሆነ፤ የላቲንና የጥንታዊ እንግሊዝኛ አገባብ ታሪክ

በኋለኛው የላቲን ዘመን ስሙ ያልተጻፈ አንድ ሰው፥ ሊቃውንት እንደሚገምቱት የሰዋስው መምህር፥ ሕዝቡ የሚሳሳትባቸውን ቃላት እየለቀመ «ይኸ እንጂ ያ አይደለም» በሚል አኳኋን 227 እርማቶች ያሉበት ዝርዝር ጽፎ ነበር። ጽሑፉ «አፔንዲክስ ፕሮቢ» ይባላል። ሰውዬው የጻፈው ስሕተቱን ለማጥፋት ነው፤ እኛ ግን ዛሬ ጽሑፉን የምንመረምረው ስለ እርማቱ ሳይሆን ስለ ስሕተቱ ነው። ለምሳሌ ያህል፥ ዓይን ለማለት «ኦኩሉስ» መባል ሲገባው «ኦክሉስ» የሚሉትን ሰዎች ነቅፏል፤ የዛሬው የጣልያንኛ «ኦኪዮ» እና የእስፓኝኛ «ኦኾ» የተወለዱት ግን ከዚሁ ከተነቀፈው አነጋገር ነው። እንግዲህ ስሕተት የተባለው ነገር በምን መንገድ ሕግ ለመሆን እንደሚበቃ፥ አሮጌው የቋንቋ አገባብ ሲፈርስም በምን እንደሚተካ በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የላቲን ቋንቋ ባለቤቱን ከተሳቢው የሚለየው በቃሉ መጨረሻ ነበር። «ፔትሩስ ፓውሉም አማት» ማለት «ጴጥሮስ ጳውሎስን ይወዳል» ማለት ነው፤ ቃላቱን አዛውሮ «ፓውሉም ፔትሩስ አማት» ቢሉም ወዳጁ ያው ጴጥሮስ ነው። በአማርኛችንም «ን» የምትባለው ፊደል ተሳቢውን ስለምታስታውቅ፥ «ጳውሎስን ጴጥሮስ ይወዳል» ብንል የሚሳሳት ሰሚ የለም።

ነገር ግን ይኸ የላቲን ምልክት በተናጋሪው አፍ እየደከመ ሄደ። በ79 ዓ.ም. የቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ በቀበራት በፖምፔይ ከተማ ግድግዳዎች ላይ ከተገኙት ጽሑፎች በአንዳንዶቹ፥ በቃሉ መጨረሻ መጻፍ የሚገባው የ«ም» ድምፅ ተጥሎ ይታያል። ከዚህም በኋላ የረዥምና የአጭር አናባቢ ልዩነት ስለ ጠፋ፥ ቀድሞ የተለያዩት የቃል መጨረሻዎች እየተመሳሰሉ ሄዱ። ሥራቸውንም የቃላት ተራና መስተዋድድ ወረሱት። መስተዋድዶቹ ቀድሞም በላቲን ይነገሩ የነበሩ እንጂ በኋላ የተፈጠሩ አልነበሩም፤ ረዳት የነበረው ዋና ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ፈረንሳዊው «ፒየር ኤም ፖል» ሲል ወዳጁ ፒየር ነው፤ «ፖል ኤም ፒየር» ቢል ግን ወዳጁ ፖል ይሆናል። ይሁን እንጂ አሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ ሳይተው አልሄደም። ጥንታዊ ፈረንሳይኛ ባለቤቱን በ«ስ» ድምፅ ከተሳቢው ይለይ ነበር፤ «ሻርል» የሚለው ስም ሲጻፍ በመጨረሻው ላይ የማይነበብ «ስ» የሚታየው ከዚያ ዘመን ስለ ተረፈ ነው።

በግሥ ርባታም የሆነው እንደዚሁ ነው። በላቲን «ካንታቢት» ማለት ወደ ፊት ይዘምራል፥ «ካንታዊት» ማለት ግን ዘመረ ማለት ነበር። በኋላ የ«ብ» እና የ«ው» ድምፅ በአናባቢዎች መካከል ስለ ተመሳሰለ፥ ሰሚው ኃላፊውን ከትንቢቱ ለመለየት ተቸገረ። ተናጋሪዎቹም «ካንታሬ ሃቤኦ» ማለትን አዘወተሩ፤ ትርጉሙ «መዘመር አለብኝ» እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ውለው አድረው ተጣበቁና፥ ፈረንሳይኛው «ሻንትሬ»፥ ጣልያንኛው «ካንተሮ»፥ እስፓኝኛው «ካንታሬ» ሆኑ። በፍሬዴጋር ስም በሚጠራው የሰባተኛው መቶ ዓመት ዜና መዋዕል ውስጥ «ትሰጣለህ» ለማለት «ዳራስ» የሚል ቃል ይገኛል፤ ይኸውም ከአዲሱ የትንቢት አነጋገር ቀደምት ምስክሮች አንዱ ነው።

ሕዝቡ የሚናገረው ከመጽሐፉ ላቲን የራቀ መሆኑን መሪዎችም ተገነዘቡት። በ813 ዓ.ም. በቱር ከተማ የተሰበሰቡት ጳጳሳት፥ ስብከቱ ለሁሉ ይገባ ዘንድ ወደ ገጠሩ የሮማይስጥ ቋንቋ ወይም ወደ ጀርመንኛ እንዲተረጐም ወሰኑ። በ842 ዓ.ም. ደግሞ የታላቁ ካርል የልጅ ልጆች ሉድቪግና ካርል በስትራስቡርግ ሲማማሉ፥ እያንዳንዱ የወንድሙ ሠራዊት በሚሰማው ቋንቋ ማለ። ሉድቪግ በሮማይስጥ በማለው ቃል ውስጥ «ሳልቫራይ» የሚል የትንቢት ግሥ አለ። መምህራን ስሕተት የሚሉት አነጋገር፥ ነገሥታት ቃል ኪዳን የሚያጸኑበት ሆነ።

ከላቲን ልጆች ወደ ጀርመናውያን ቋንቋዎች ወገን ስናልፍም ተመሳሳይ ታሪክ እናገኛለን። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ንጉሡ» ለማለት «ሴ ኪኒንግ»፥ «ንጉሡን» ለማለት «ሶኔ ኪኒንግ» ይባል ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም «ዘ ኪንግ» ናቸው። ብዙ ሰዎች ይኸን ለውጥ በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች ያመጡት ይመስላቸዋል። ነገር ግን የቃል መጨረሻዎች መድከም የጀመረው ከዚያ አስቀድሞ ነው፤ ከዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ የሰፈሩት ስካንዲናውያን ቋንቋቸው በሥሩ የሚመሳሰል፥ በመጨረሻው ግን የሚለይ ስለ ነበረ፥ ለውጡን እንዳፋጠኑት ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ።

ለዚህ ለውጥ መልካም ምስክር የሚሆነን የፒተርቦሮ ገዳም ዜና መዋዕል ነው። ገዳሙ በ1116 ዓ.ም. ስለ ተቃጠለ፥ መነኮሳቱ በ1121 ዓ.ም. ገደማ የቀድሞውን ታሪክ ከሌላ መጽሐፍ ገለበጡ፤ ከዚያም የየዘመናቸውን ነገር እስከ 1154 ዓ.ም. ጨመሩበት። የተገለበጠው ክፍል በአብዛኛው የጥንቱን ሰዋስው ይጠብቃል፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች ግን ብዙዎቹን የቃል መጨረሻዎች ጥለዋል። በአንድ ጥራዝ ሁለት ሰዋስው ማለት ይኸ ነው። የቅርብ ዘመዱ ጀርመንኛ ግን እስከ ዛሬ «ዴር ኮኒግ» እና «ዴን ኮኒግ» እያለ ባለቤቱን ከተሳቢው ይለያል፤ ስለዚህ ለውጡ በሁሉም ቋንቋ በአንድ መጠን የሚደርስ ግዴታ አይደለም።

በ1492 ዓ.ም. የሳላማንካው ሊቅ አንቶኒዮ ዴ ኔብሪኻ የካስቲሊያን ቋንቋ ሰዋስው አሳትሞ ለንግሥት ኢሳቤል አበረከተ። የትንቢቱ ግሥ ከሁለት ቃላት የተገጠመ መሆኑንም በዚሁ መጽሐፍ አስረዳ። ያ የተነቀፈ አነጋገር እንግዲህ የራሱ ሰዋስው፥ የራሱም ጠባቂ መምህር አገኘ።

ይኸን ስንል ያ የጥንት መምህር በከንቱ ደከመ ማለታችን አይደለም። እርሱን የመሰሉ ሕግ ጠባቂዎች ባይኖሩ ኖሮ፥ የላቲን መጻሕፍት ከሺህ ዓመት በላይ ለትውልድ ሁሉ የሚነበቡ ሆነው ባልቆዩ ነበር። የተጻፈው ሕግ ከአባቶች ጋር ያነጋግረናል፤ የሚነገረው ቋንቋ ደግሞ ከጐረቤት ጋር ያስማማናል። የቱር ጳጳሳትም ስብከቱን በሕዝቡ ቋንቋ ሲያደርጉ የቅዳሴውን ላቲን አልሻሩም። ስለዚህ የምናስተምር ሁሉ የተማሪውን ስሕተት ማረማችንን አንተው፤ ነገር ግን ከእርማቱ ጋር ስሕተቱንም በጥንቃቄ እንመዝግበው። የዚያ ስሙ ያልታወቀ ሰው ድካም ለኛ የጠቀመን፥ የሚነቅፈውን ነገር ሳይንቅ በትክክል ስለ ጻፈው ነውና።